ጊች የሚወጣው ጃኬት

ሰው ሁሉ ስም አይቶ ይገዛል፤ እኔ ደግሞ የተበላሸ ስም አሳድዳለሁ። ቴሌግራም ላይ ታዋቂውን የፈረንጅ ልብስ ስም «ኖርዝ ፌስ» ብዬ ብፈልግ የጎንደር ነጋዴ ሁሉ ቀድሞኝ ገብቶ ዋጋውን ሰማይ ሰቅሎታል። «ኖርዝ ፊስ»፣ «ኖርስ ፌስ»፣ «ኖዝ ፌች» ብዬ ስፈልግ ግን ማንም ያላየው ሳልባጅ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ስሙን አስተካክሎ ያልጻፈ ሰው፣ ብዙ ጊዜ የያዘውን ዕቃ ዋጋም አያውቅም። የልጆቼን ጫማና የራሴን ቦርሳ ያገኘሁት እንዲሁ ነው።

ዘንድሮ ግን የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለባሌ ለእንግዳው ብርድ የሚችል ጃኬት። እንግዳው በቅሎ ነጂ ነው። ከደባርቅ የፈረንጅ ጓዝ ጭኖ ሰሜን ተራራ ላይ ጊች ድረስ ይወጣል። ሥራው በተራ ነው። ተራው ደርሶ ያልሄደ ሰው ተራው ለሚቀጥለው ሰው ያልፍበትና ሁሉም እስኪዳረስ ይጠብቃል። ፈረንጅ እንደ ልብ በሚመጣበት ጊዜ ይሄ ምንም አልነበረም። አሁን ግን ተራው ያመለጠው ሰው በጋውን ሙሉ እጁን አጣጥፎ ነው የሚቀመጠው። ይባስ ብሎ አምና አንድ በቅሎ ነጂ ጊች ላይ ብርድ መትቶት በቃሬዛ ከወረደ ወዲህ፣ ጉዞውን የሚያዘጋጀው ሚናስ «ደህና ጃኬት የሌለው ከእኔ ጋር አይወጣም» አለ። ሕጉን አልጠላሁትም። የሚያናድደኝ፣ ሕጉን አውጥቶ ጃኬቱን ለእኛ መተዉ ነው።

ጃኬቱን ያገኘሁት ዳባት ነው። ፎቶው ጨለማ፣ ስሙ «ኖርዝ ፊስ»። በሚኒባስ በርሬ ሄድኩ። የምትሸጠው የቄስ ልጅ ናት፤ አንድ ፈረንጅ ለወንድሟ ትቶለት የሄደ፣ ወንድሟም አዲስ አበባ ሲገባ የረሳው ጃኬት ነው። ቀለሙ ለቋል፣ ደረቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ በእጥበት ጠፍቷል። እጄን ውስጡ ስከት ግን ወዲያው ሞቀኝ። ውስጡ የተሞላው ላባ አልሳሳም፣ ዚፑም ሳይነክስ ይሄዳል። የጠየቀችኝን ከፍዬ፣ ሐሳቧን ሳትቀይር ውልቅ አልኩ።

እንግዳው ቤት ውስጥ ለብሶት አላበው። ደስ አለኝ። ዘንድሮስ እንደ ሰው ሞቆት ሠርቶ ይመለሳል አልኩ።

ተራው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ከገበያ ስመለስ ጃኬቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ደረቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ጨርቅ ተሰፍቶበታል። በቀይ ክር «ኖርት ፋስ» ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ስም አሰፋሁበት። ጓደኞቼ ስም የለውም ብለው ሲስቁብኝ ነበራ! ጋሽ ፀጋው በነፃ ነው የሠሩልኝ። እንዲህ ያለ ጃኬት ያለ ስም አይሄድም ብለው።»

ደሜ ፈላ። ጋሽ ፀጋው ገበያው ዳር የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሚሰፉ ደግ ሰው ናቸው። ነገር ግን ስስ ጃኬት አምጥተው ለሚሸጡ ነጋዴዎች ሁሉ ስም የሚለጥፉት እሳቸው ናቸው። የእሳቸው ጨርቅ ያለበት ጃኬት ምን እንደሆነ ደባርቅ ውስጥ የማያውቅ የለም። አንድ እውነተኛ ዕቃ አገኘሁ ብል፣ በገዛ እጃችን የውሸት አስመሰልነው! ልተረትረው ምላጭ አነሳሁ። መርፌው ግን እስከ ውስጥ ዘልቆ ኖሮ፣ ክሩን ትንሽ እንዳላላሁት ላባው ብን ብሎ ወጣ። ተውኩት። እንግዳውን ግን እስክንተኛ ድረስ አልተውኩትም።

በማግስቱ ጠዋት በቅሎዎቹ በሚጫኑበት ሜዳ አብሬው ቆምኩ። ሚናስ ከሩቅ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዳው፣ ይሄማ የጋሽ ፀጋው ነው። አይሆንም።»

«ዳስሰው!» አልኩት። «እጅህን አስገባና እየው!»

«ሐመልማል፣ እባክሽ። ሰው ቢታመምብኝ የምጠየቀው እኔ ነኝ። በል፣ ቀጣይ! ዘመነ!»

እጁን ቢያነሳ ምን ነበረበት? አንዴ ቢነካው ምን ይጎድልበት ነበር? ዘመነ ጎረቤታችን ነው። የለበሰው አዲስ ጃኬት የሚያብረቀርቅ፣ ጽሑፉም አንድ ፊደል ያልተዛነፈ ነው። ያንን ጃኬት ገበያ ላይ በእጄ ዳስሼው ትቼዋለሁ፤ ውስጡ ባዶ ነው። ሚናስ ጽሑፉን አነበበና «አንተ ግባ» አለው። ያን ጊዜ ጮህኩ። ዐይን ብቻ ነው እንዴ የተፈጠረላችሁ አልኩ፣ ሌላም ብዙ አልኩ። ፈረንጆቹ ሳይቀሩ ዘወር ብለው አዩኝ። ሚናስ ግን ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ መኪናው ሄደ።

ወደ እንግዳው ስዞር ቦታው ላይ የለም። ዘመነን ከበቅሎዎቹ ጀርባ ወስዶ ጃኬቱን እያወለቀ ነው።

«ከስር ልበሰው» ይለዋል። «በዚህ በያዝከው ጊች አታድርም።»

«አብደሃል?» አልኩት። «ተራህን ለወሰደ ሰው?»

«ተራዬን የሰጠው ሚናስ ነው፤ ይሄ ልጅ ምን አደረገ? አምና ያንን ሰው በቃሬዛ ካወረድነው አንዱ እኔ ነኝ፣ ሐመልማል። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ሰምቻለሁ።»

ዘመነ አንገቱን ደፍቶ ለበሰው፤ የሚያብረቀርቀውን ከላይ ደረበበትና ዚፑን እስከ አገጩ ዘጋ። የጋሽ ፀጋው ጨርቅ ከስር ጠፋ።

ሚናስ ስልኩን ጨርሶ መጣ። የዘመነን ትከሻ መታ መታ ሲያደርግ እጁ ቆም አለ። ደረቱን ጫን አድርጎ ዳሰሰው፣ ክንዱንም ጨበጠው። ወደ ሌሎቹ ዞሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«አያችሁ? ጃኬት ማለት እንዲህ ነው!» አለ።

አፌን ከፈትኩ። ዘመነ ዐይኑን ዐይኔ ላይ ተክሎ እንዳልናገር ይለምነኛል። አንድ ቃል ብናገር እሱም ይቀራል፤ ልጆቹን ደግሞ አውቃቸዋለሁ። እንግዳው በሸሚዝ ብቻ አጠገቤ ቆሞ በብርዱ ይንቀጠቀጣል። አፌን ዘጋሁ። ነጠላዬን አውልቄ ባሌን አለበስኩትና ያልተጫነችውን በቅሏችንን እየሳብን ወደ ቤት ተመለስን።