ዘጠኝ ዓመት በአራት ድንጋይ

ፀጉር አስተካካዩ ዶክሱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በመምህር ማ ሲሸነፍ ኖሯል።

የሚጫወቱት ባዱክ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ጥቁርና ነጭ ድንጋይ በመስመር መገናኛ እያኖሩ ሜዳ መሻማት። ደካማው አቅሙ እንዲመጣጠን፣ ጨዋታው ሳይጀመር ጥቂት ጥቁር ድንጋይ አስቀድሞ ሰሌዳው ላይ ያኖራል። የዶክሱ መደገፊያ አራት ነበር፤ በየማዕዘኑ አንዳንድ። ሦስት ጊዜ አከታትሎ ያሸነፈ አንድ ይቀነስለታል። ዶክሱ ሁለቴ ቢያሸንፍ እንኳ ሦስተኛው ላይ ሲወድቅ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ሃምሳ የሞላው ዕለት በቦልግዮ ገበያ ፊት “ሳልሞት ሦስት ድንጋይ እገባለሁ” ብሎ ስለፎከረ ደግሞ፣ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል።

አሳ ሻጩ ማንሶ ጺሙን ሊላጭ በመጣ ቁጥር፣ “ወንድሜ፣ ስንት ደረስክ?” ይለዋል።

“አራት።”

“ጎሽ። መቃብርህም ላይ አራት እናኖርልሃለን።”

ማንሶ ይቀልዳል እንጂ እሱም የዶክሱ ተማሪ ነበር፤ ሰኞ ሰኞ አምስት ድንጋይ እየተደገፈ ይጫወታል። የማትቀልደው የዶክሱ ሚስት ኦክቡን ናት። “ጭንቅላትህ እንጨት ነው። ሌላው ሰው በዘጠኝ ዓመት ዳኛ ይሆናል” ትለዋለች። እሱም አምኗታል።

መምህር ማ ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ናቸው። ጨዋታው ሲያልቅ፣ እንደ ወጉ፣ ሰሌዳውን ጠርገው ከመጀመሪያዋ ድንጋይ ጀምረው ያንኑ ጨዋታ እንደገና ይደረድሩታል። ስሕተት የሚለቀመው ያን ጊዜ ነው። “ይቺ ቸኩላለች፤ ይቺ ሰንፋለች” ይላሉ፤ ዶክሱ ይጽፋል። ሰባት ደብተር ሞልቷል። የሳቸው ነጭ ድንጋይ ማዕዘኑን ከላይ ሲጫነው፣ ዶክሱ ወደ ጠርዙ ወርዶ፣ ትንሽ ቦታ ይዞ ሲተርፍ ግን፣ “ጎበዝ፣ ነፍስህን አዳንክ” ይሉታል። ይቺ ቃል በሰባቱም ደብተር ውስጥ አለች።

አንድ ረቡዕ፣ እየዞረ መድኃኒት የሚሸጥ ቦምሶክ የሚባል ወጣት ፀጉሩን ሊቆረጥ ገባ። ከመስታወቱ አጠገብ ዶክሱ ከደብተሩ እያየ የደረደረው የቅዳሜው ጨዋታ ነበር። ወጣቱ አንገቱ በጨርቅ እንደታሰረ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

“ጋሼ፣ እዚህ ጋ ለምን ወረዱ?”

“ነፍሴን ላድን ነዋ።”

“ነፍስዎን ማን ፈለጋት? አንድ እርምጃ ወደ መሐል ቢወጡ የሚሸሹት እሳቸው ነበሩ። እርስዎ ጥግ ሲይዙ ሜዳው በሙሉ ለሳቸው ቀረ።”

“መምህሬ ጎበዝ ብለውኛል።”

“እንዴት ይሆናል? ይሄማ እኛ ክዋንግጁ ከተማ ለጀማሪ በመጀመሪያው ወር የሚነገር ነው” አለ ቦምሶክ። ወዲያው የተናገረው የከበደው ይመስል ፊቱን ወደ መስታወቱ መለሰ። ዶክሱም ዓይኑን ከሰሌዳው ሳይነቅል መቁረጡን ቀጠለ፤ የቆረጠለት ፀጉርም ባንድ ወገን አጠረ።

ቅዳሜ አራቱን ድንጋይ አኖረ። መምህር ማ እንደ ልማዳቸው ማዕዘኑን ከላይ ተጫኑት። ዶክሱ አልወረደም፤ አንዲት ጥቁር ድንጋይ ወደ መሐል አወጣ። የሽማግሌው እጅ የድንጋዩ ሳህን ውስጥ እንደገባ ቀረ። የቀረበላቸው የገብስ ሻይ እስኪበርድ ድረስ አልተንቀሳቀሱም። ፀሐይ ሳትጠልቅም ሁለት ነጭ ድንጋይ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ አኑረው “ተሸነፍኩ” አሉ።

እንደገና መደርደር ጀመሩ። እዚያችው ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ዶክሱ እጁን ሰበሰበ።

“መምህር፣ ወደ ጠርዝ ስወርድ ጎበዝ የሚሉኝ ለምን ነበር?”

“ቦታ ስለያዝክ ነው።”

“እንዲያ አይደለም።”

ሽማግሌው የያዙትን ነጭ ድንጋይ ሳህኑ ውስጥ መለሱ። “ካንተ በፊት አራት ተማሪዎች ነበሩኝ። ሁሉን ነገርኳቸው። ሁለት ድንጋይ ሲደርሱ ከክዋንግጁ ሰዎች ጋር ሊጫወቱ ሄዱ። አንዱ እንኳ ደህና ነህ ወይ ብሎ አልተመለሰም።”

“እኔ ሱቅ ያለኝ ሰው፣ የት እሄዳለሁ?”

“ይሄንን በምን አውቃለሁ? እኔ ቅዳሜዬን ነው የፈለግሁት።”

“ሚስቴ እንጨት ነህ ስትለኝ፣ እኔም እንጨት ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት።”

መምህር ማ አንገታቸውን ደፉ።

“ሌላስ አለ?” አለ ዶክሱ።

“የለም።”

“አንዲት እንኳ?”

“አንዲት እንኳ።”

ማታ ሰባቱን ደብተር ዘርግቶ ቀይ እስክሪብቶ ያዘ። የትኛውን ይሰርዝ? እውነት የተነገረውና የተዋሸው ባንድ እጅ ጽሑፍ፣ ባንድ ቀለም ተጽፏል። አንዲት መስመር ሳይነካ መልሶ ከደናቸው።

ቀጣዮቹን ሁለት ቅዳሜዎችም አሸነፈ። ሦስት ድንጋይ ገባ። መምህር ማ ከጨዋታው በኋላ እንደ ወትሮው “ይቺ ሰንፋለች” ይላሉ፤ ዶክሱ ይሰማል፤ አይጽፍም። ገበያው ጉድ አለ። ኦክቡን እንኳ፣ “አሁንማ እንጨቱም አበበ” ብላ ሳቀች። እሱ ግን ሳቁ አልመጣለትም።

ሰኞ ማንሶ አሳውን ሸጦ መጣ፤ አምስቱን ድንጋይ ደረደረ። ዶክሱ ማዕዘኑን ሲጫነው ማንሶ ወደ ጠርዝ ወረደ፤ ቦታዋን ያዘና ቀና ብሎ፣ “ነፍሴን አዳንኩ” አለ፤ ሊመሰገን።

ዶክሱ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር።

“ማንሶ፣ ይሄ ስሕተት ነው።”

“የቱ?”

“መውረዱ። ወደ መሐል መውጣት ነበረብህ።”

ማንሶ ሰሌዳውን አየ፤ ዶክሱን አየ። “ስድስት ዓመት ጎበዝ ስትለኝ አልነበር?”

“አላውቅም ነበር። እኔም ተነግሮኝ ነው።”

“ሦስት ድንጋይ ከገባህ በኋላ አወቅህ?”

“እንዲያ አይደለም፣ ወንድሜ።”

“ታዲያ እንዴት ነው?”

ዶክሱ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። የመምህሩን ነገር ቢያወጣ፣ ሽማግሌው በገበያው አፍ ውስጥ ሊገቡ ነው፤ ባያወጣ ደግሞ ማን ያምነዋል?

ማንሶ የአሳ ቅርጫቱን አነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

“ሌላስ አለ?”

“የለም” አለ ዶክሱ።

ማንሶ ትንሽ ቆሞ አየው። ያን አስተያየት ዶክሱ ያውቀዋል፤ መምህሩ “የለም” ሲሉት እሱም እንዲያ ነበር ያያቸው። ከዚያ በሩን ዘግቶ ሄደ፤ ድንጋዮቹንም ዶክሱ ብቻውን ለቀማቸው።