ጋሽ ታምሩን ያናዘዘች ኪኒን

በለጡ ጋቦዴ በሚባል የጅቡቲ ሰፈር የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ ከባቲ በላይ ባለችው መንደሯ በወይናምባ ግን ዶክተር ናት። ሹመቱን የሰጣት የማዳም ዓቢዳ ቆሻሻ ነው። አሠሪዋ ማዳም ዓቢዳ ትንሽ ባመማት ቁጥር ፋርማሲ ሄዳ ኪኒን በዘንቢል ትገዛለች፤ ሁለት ቀን ትውጥና ተሻለኝ ብላ የቀረውን ትጥለዋለች። በለጡ ይህን ስታይ አንጀቷ ያርራል። አገሯ ሰው ራሱን በሻሽ ጠፍንጎ ሲያቃስት፣ እዚህ ደህና መድኃኒት ከዓሣ አጥንት ጋር ይደፋል። ስለዚህ ታነሳለች፣ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ትልካለች።

የሚያደርስላት ከወደብ ወደ ኮምቦልቻ ጭኖ የሚመላለሰው ሹፌሩ ጀንበሬ ነው። ጀንበሬ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። "ካርቶን አልይዝም" ይላል። "ፈታሽ ካርቶን ሲያይ ነጋዴ ያደርገኛል። ፍሬ ፍሬውን ስጪኝ።" በለጡም ኪኒኑን እየፈለፈለች በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ትሞላለታለች። ስሙ፣ ልኩ፣ ማስጠንቀቂያው ሁሉ ጅቡቲ ይቀራል፤ ወይናምባ የሚደርሰው ቀለሙ ብቻ ነው። ከዚያ በስልክ ታዛለች፦ ነጩ ለራስ ምታት፣ ቢጫው ለወገብ፣ ቀዩ ሽንት ለሚያቃጥለው። የማታውቀውን "ለድካም" ትለዋለች። ያልደከመው ሰው ስለሌለ እስካሁን የተከራከራት የለም።

በ2004 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ አንድ ጠዋት ወለል ስትወለውል ስልኳ ጮኸ። የወይናምባ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ፀዳል ናት። በለጡ ይቺን ልጅ አትወዳትም። ቦርሳዋ ውስጥ ቢጫ ቅጽ ይዛ፣ መድኃኒት የዋጠውን ሁሉ ምን ተሰማዎት እያለች ቤት ለቤት ትዞራለች፤ ጉዳት ካገኘች ጽፋ ወደ ወረዳ ትልካለች።

"በለጡ፣ ጋሽ ታምሩ ከትናንት ጀምሮ የሚሸኑት ቀይ ነው" አለች ፀዳል። "ከቆርቆሮሽ ቀይዋን ኪኒን ነው የዋጡት። ምንድን ናት?"

በለጡ ሳቋ መጣ። ባለፈው ወር ማዳም ያቺኑ ኪኒን ውጣ፣ ከሽንት ቤት እየጮኸች ወጥታ፣ ምን ቀለም ጨመርሽበት ብላ ልትበላት ነበር። በኋላ ሐኪሟ በስልክ አረጋጋት፤ ኪኒኗ ሽንት ታቀላለች፣ ኩላሊቱን ለማያመው ሰው ግን ችግር የለውም አላት።

ይህን ልትናገር አፏን ስትከፍት ፀዳል ቀጠለች። "እሳቸው ደም ነው ብለው ሊሞቱ ተሰናድተዋል። ሽማግሌ ሰብስበው እየተናዘዙ ነው። የእናትሽን የድንበር ድንጋይ የገፋሁት እኔ ነኝ ብለዋል።"

በለጡ መወልወያውን ግድግዳ አስደገፈች። ያን ድንጋይ ታውቀዋለች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጋሽ ታምሩ ዓይኔን ያጥፋው ብለው ምለው፣ እናቷ በሽማግሌ ፊት ውሸታም ተብላ ተመልሳለች። በለጡን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት መሬቱ ሳይሆን ይኸው ነበር።

"ድንጋዩስ?" አለች ቀስ ብላ።

"አራት ጎረምሶች ሊያነሱት እየሄዱ ነው።"

"እንግዲያው ካርቶኑን ልፈልግና እደውልልሻለሁ።"

ካርቶኑ ራስጌዋ ነበር፤ መርፌና ክር ታስቀምጥበታለች። በለጡ አየት አደረገችውና ወደ ወለሏ ተመለሰች። ለአራት ጎረምሳ አንድ ድንጋይ ቢበዛ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የዋሸ ሰው ግማሽ ሰዓት ቢፈራ ምን ይሆናል? ደስ አላት፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አላት። ሳሎኑን እያንጎራጎረች ወለወለችው።

ፀዳል ግን አላስጨረሰቻትም፤ መልሳ ደወለች።

"አገኘሽው?"

"እየፈለግሁ ነው። ድንጋዩ ደረሰ?"

"ድንጋዩን ተይው። ሚስታቸው እትዬ ትርንጎም አብረው ውጠው ኖሯል። ጋሽ ታምሩ ከማልቀስ በቀር ደህና ናቸው፤ እትዬ ትርንጎ ግን ፊታቸው አብጧል፣ ያስመልሳቸዋል። ጤና ጣቢያ ልወስዳቸው ነው። የዋጡትን ካላወቅን በምን ይታከማሉ?"

እትዬ ትርንጎ ኩላሊታቸውን ያማቸዋል። በለጡ ስትሰደድ ከባላቸው ተደብቀው በሶ የቋጠሩላት እሳቸው ናቸው።

መርፌውን መሬት ላይ ዘርግፋ ካርቶኑንና ስልኩን ይዛ ወደ ማዳም ሮጠች፤ እሷ ራሷ የፈረንጅ ፊደል አታነብም።

"ማዳም፣ የዚህን ስም ለዚች ልጅ ንገሪልኝ።"

ማዳም ዓቢዳ ካርቶኑን አገላብጣ አየችው። "ይሄ የኔ ቆሻሻ አይደለም እንዴ?"

"ነው፣ ማዳም።"

ማዳም ስሙን በፈረንሳይኛ አነበበችው፤ ፀዳል ሦስት ጊዜ አስደግማ ጻፈች። በለጡ ስልኩን ተቀብላ የቀረውን ባንድ ትንፋሽ ተናገረች። "ጋሽ ታምሩ አይሞቱም፤ ቀለም ነው እንጂ ደም አይደለም። ኩላሊት ላለበት ግን አይሆንም። ደግሞ የምልከውን እኔም አላውቀውም፤ ከቆሻሻ ነው የማነሳው። ቆርቆሮውን ሰብስቢው።"

ፀዳል መጻፏን አቆመች። "ቅድም ስደውልልሽ ይሄን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ቅጹ ላይ እሱን የምጽፍበት ቦታ የለኝም" አለችና ስልኩን ዘጋችው። በለጡ ሁለት ቀን እህል አልወረደላትም።

በሦስተኛው ቀን እናቷ ደወለች። እትዬ ትርንጎ ታክመው እብጠቱ ጎድሎላቸዋል። ጋሽ ታምሩ እንደማይሞቱ ሲሰሙ ካልጋቸው ተነስተው ወደ ድንጋዩ ሮጠዋል፤ ግን ድንጋዩ በቀድሞ ቦታው ተተክሎ፣ ሽማግሌውም ምስክር ሆኖ ቆሞበት ደረሱ። አሁን ለሰው ሁሉ፣ ኪኒኗ ናት ያናገረችኝ ይላሉ።

"ያንቺም ዶክተርነት ቀርቷል" አለች እናቷ። "ቆርቆሮዋ በለጡ ነው የሚሉሽ።"

"ይበሉኝ። ፀዳል ሰበሰበችው?"

"አንድ ፍሬ ሳታስቀር።"

"ደግ አደረገች።"

እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንቺ ጋ ከዚያች ከቀይዋ አንዲት አልተረፈችም?"

በለጡ ደነገጠች። "ምነው እማዬ፣ ሽንትሽን ያቃጥልሻል?"

"እኔማ ደህና ነኝ" አለች እናቷ። "ከማሳዬ በላይ በኩል ለሚያርሰው ለጋሻው ነው። የሱም ድንጋይ ገፋ ያለ ይመስለኛል።"