በክር የተነበበው ቤት

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በንድፍ ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ኢንጂነሯ፣ ቀያሹና ጭጭ። ጭጭ ንድፍ ሠሪው ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር። ነገር ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከ«እሺ» እና ከ«ደህና ዋሉ» ሌላ ከአፉ ብዙም ስላልወጣ፣ የእህቱ ባል የሆነው ቀያሽ ይህን ቅጽል አወጣለትና በዚያው ቀረ። እሱም አልተቃወመም። ለመቃወም መናገር ሊኖርበት ነው።

ጭጭ ከሰው ባይጫወትም ወዳጅ ነበረችው። በኮምፒውተሩ ስክሪን ግርጌ የምትኖር አንዲት ቀጭን መስመር ነች። የትእዛዝ መስመር ይሏታል። እሱ አንድ ፊደል ጽፎ ሲልክላት እሷ ትጠይቀዋለች፤ ከየት ልጀምር? እስከ የት ልሂድ? በስንት ልራቅ? እሱም ይመልስላታል። እንዲህ በጸጥታ ሲጨዋወቱ ይውሉና፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ የቀኑን ወሬ ጨርሶ ይገባል።

በእያንዳንዱ ንድፍ የቀኝ ግርጌ ደግሞ «ንድፉን የሠራው» የምትል ትንሽ ሣጥን አለች። ወረቀቱን የሠራው ጭጭ ቢሆንም በሣጥኗ ውስጥ የሚጻፈው ሁልጊዜ የኢንጂነሯ ስም ነበር። ያለፈው ዓርብ ግን ኢንጂነሯ ጠረጴዛው ላይ ክንዷን አስደግፋ፣ «የልብስ ሰፊዋን ቤት ብቻህን ጨርስ» አለችው። «ስህተት ካላገኘሁበት ሣጥኗ ውስጥ ያንተ ስም ይገባል። ካገኘሁበት ግን እስከ መጪው ዓመት ይህን ነገር እንዳታነሳብኝ።»

እሱ አንስቶት አያውቅም። ግን ልቡ የሚመኘውን እንዴት እንዳወቀችበት ሲያስብ ሰነበተ።

ልብስ ሰፊዋ ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት የሆናቸው አሮጊት ናቸው። «በጣቴ ያላየሁትን ቤት አላሠራም» ስላሉ፣ ንድፉ በትልቅ ወረቀት ታትሞ በግድግዳዎቹ መስመር ላይ ክር እንዲለጠፍበት ተወሰነ። የሚመጡት ማክሰኞ አምስት ሰዓት ላይ ነው።

ጭጭ ኮምፒውተሩን ከፈተ። መስመሯ የለችም።

ከንድፉ በታች ያለው የስክሪኑ ክፍል ነፋስ እንደሌለበት ኩሬ ጥቁርና ዝም ያለ ነበር። ኢንጂነሯን አየ፤ ስልክ ይዛለች። ቀያሹን አየ፤ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል። «መስመሬ ጠፋች» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃው ነበር። ግን በዚህ ቀን፣ የያዘውን መሣሪያ የማያውቅ ሰው መስሎ መታየት አልፈለገም።

«ምነው አማቼ፣ ጅብ እንዳየች አህያ ደርቀህ ቀረህ?» አለ ቀያሹ።

«ደህና ነኝ።»

«ኧረ ተናገረ! ኢንጂነር፣ ቀኑን መዝግቢልኝ!»

ጭጭ አንድ ፊደል ጻፈ። የጠየቀው የለም። ማውዙን ሲያንቀሳቅስ ግን የግድግዳ መስመር ተወለደ። በልጅነቱ መብራት ሲጠፋ ግድግዳ እየዳበሰ ከአልጋው እስከ ውኃው ማሰሮ ይሄድ ነበር፤ እግሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ ያውቃል፣ እጁ በሩ የት እንደሚጀምር ያውቃል። አሁንም እንደዚያ ሆነ። ጥያቄዎቹን ጣቶቹ በቃላቸው ያውቋቸው ነበር። ሳይጠየቁ ይመልሳሉ። ቀስ በቀስ ወንበሩን ረሳው፤ በልብስ ሰፊዋ ቤት ውስጥ የሚሄድ መሰለው። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ እንደ ጨርቅ ተዘርግቷል። አንድ ቦታ የስፌት መኪና ይሰማል። ግድግዳዎቹ ገና ያልተገናኙ፣ በጭጋግ ውስጥ እንደቆሙ ሰዎች ተራርቀው ይጠብቁታል። እሱም በየተራ እጅ ለእጅ እያያያዘ አገናኛቸው። ቀርቦ አላያቸውም። ሕልሙ ደስ ብሎት ስለነበር ከሩቅ እያየ አለፋቸው፤ ከሩቅ ደግሞ ሁሉም ልክ ነበር።

ትልቁ ወረቀት ታትሞ ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሙጫ ቀባ፣ ክሩን መለጠፍ ጀመረ። የመጀመሪያው ጥግ ላይ ሲደርስ ክሩን ሊያጥፈው ሞከረ። ክሩ አልታጠፍ አለ፤ እንደ ውኃ ዞሮ ሄደ። ሁለተኛውም ዞረ። ጎንበስ ብሎ አየ። በቤቱ ውስጥ አንድም ማዕዘን አልነበረም።

ወዲያው ገባው። ዓርብ ዕለት በዚሁ ንድፍ ላይ የግቢውን የአበባ መደብ ሲሠራ ጥጎቹን በሃያ ሴንቲሜትር አክብቦ ነበር። ግድግዳ የሚገጥመውም ያው ትእዛዝ ነው፤ ሌላ ካልተነገረው የመጨረሻውን ልክ ይዞ ይቀጥላል። ሁልጊዜ መስመሯ ቀድማ «አሁን ያለው ክብነት ሃያ ነው» ትለዋለች፣ እሱም ዜሮ ያደርገዋል። ዛሬ የነገረው አልነበረም።

ለአምስት አምስት ጉዳይ ነው። ቀያሹ ልብስ ሰፊዋን ሊቀበል ወርዶ ስለነበር ደረጃው ላይ ድምፃቸው ይሰማል።

«እማማ፣ አይዞዎት፣ ሁለት ደረጃ ብቻ ቀረ።»

«እኔስ ደህና ነኝ፤ የምታለከልከው አንተ ነህ።»

ጭጭ እንደገና ለማተም ጊዜ ስላልነበረው እንደ ደነዘዘ የቀረውን ክር ለጥፎ ጨረሰ። አሮጊቷ ተቀመጡና እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ጣሉ።

«ወፍራም የጥጥ ክር ነው። ሙጫው አልደረቀም፤ ቸኩላችኋል» አሉ። ጣታቸው በበሩ ገባ፣ ሳሎኑን ዞረ፣ በኮሪደሩ ሄደና ጥጉ ጋ ሲደርስ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ። «ማዕዘኑ የት አለ?»

ኢንጂነሯ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች። አሮጊቷ ግን ሳቁ፤ ሻሻቸውን ከፍ አድርገውም ግንባራቸውን አሳዩ።

«ይህን ጠባሳ አያችሁ? አሁን የምኖርበት ቤት የኮሪደሩ ማዕዘን ነው። ይሄኛው የጓዳው። ባሌ አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እጁን ሳያነሳብኝ ሞቶ፣ በስተርጅና ግድግዳ ይደበድበኝ ጀመር። ይህኛው ቤት ግን እጄን ይዞ ያዞረኛል። እንዲህ አድርጎ ያሰበልኝ ማን ነው?»

ኢንጂነሯ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ጭጭ አይቶት የማያውቅ ፈገግታ ነበር። «ለእሳቸው ብለህ ነው እንዴ?»

አንድ «አዎ» ይበቃ ነበር። ስሙ በሣጥኗ ውስጥ፣ በራሱ ፊደል፣ ቁልጭ ብሎ ታየው። ወደ ስክሪኑ ግርጌ ተመለከተ፤ የምትጠይቀው መስመር የለችም፤ የጠየቀችው ፊት ለፊቱ የቆመችው ሰው ናት።

«አይደለም» አለ። «ተሳስቼ ነው። ዓርብ የአበባውን መደብ በሃያ አክብቤ ነበር። ጠዋት የትእዛዝ መስመሯ ጠፍታ አገኘኋት፤ ለመጠየቅ አፈርኩ። ሃያውን ዜሮ ሳላደርግ ግድግዳውን ሁሉ ገጠምኩት። የእማማን ግንባር አላሰብኩም። ደግሞ እንዲህ ከቀረ በየክፍሉ ቁም ሣጥኑ ጥግ ድረስ አይገባም።»

ይህን ያህል ሲናገር የሰማው አልነበረም።

«የምን መስመር?» አለ ቀያሹ፤ ኦቾሎኒው እጁ ላይ ቀረ። «ቆይ አማቼ፣ ትናንት የመሬቱን ልክ ላስገባ ያንተ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ነበር። ኮንትሮልንና ዘጠኝ ቁጥርን አንድ ላይ ነካሁ መሰለኝ፤ ‹ይዘጋ?› ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ሲጠይቁኝ እምቢ ማለት አልችልም።»

«እህቱንስ ያገባሃት እንዲሁ ነው?» አሉ አሮጊቷ።

ኢንጂነሯ አልሳቀችም። እርሳስ አንስታ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገች። «ኮሪደሩ እማማ እንደወደዱት ክብ ሆኖ ይቅር። ክፍሎቹ በማዕዘን ይሁኑ።» ከዚያ ወደ ጭጭ ዞረች። «ስህተት ተገኝቶበታል እንግዲህ።»

«አዎ።»

«የሠራሁት እኔ ነኝ?»

«አይ፣ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ያልሠራሁት ስህተት በእኔ ስም አይወጣም። የሠራው ይጻፍበት።»

ቀያሹ ሁለቱን ቁልፎች ተጭኖ መስመሯን መለሰለት። ጭጭ የክፍሎቹን ማዕዘኖች በዜሮ ገጠመ፣ የኮሪደሩን በሃያ ተወ፣ በሣጥኗ ውስጥ ስሙን ጻፈ። ሐሙስ ጠዋት ግንበኛው ንድፉን ወስዶ መሠረቱን መቆፈር ጀመረ።