የመስታወቱ ሌላኛው ጫፍ

ባለቤቴ ሲጸልይ ድንጋይ ያስለቅሳል ይሉ ነበር። በጉባኤው ፊት ቆሞ “አባት ሆይ” ሲል ሰው ሁሉ መሀረብ ይፈልጋል። እኔ ግን ደረቅ ዓይኔን ይዤ እቀመጣለሁ። ምቀኛ ሆኜ አይደለም። አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ፤ በዚያ ሁሉ ጸሎት ውስጥ የወንድሙ ስም አንድም ቀን ተነሥቶ እንደማያውቅ አውቃለሁ።

ሁለቱም መስታወት ቆራጮች ናቸው። ከአባታቸው የወረሱትን ሱቅ ለሁለት ከፍለው፣ በመሀል የጣውላ ግድግዳ አቁመው ይሠራሉ። አንዱ ሲያስነጥስ ለሌላው ይሰማል፤ “ይማርህ” የሚል ግን የለም።

የጠባቸውን ምክንያት ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ወይም የሚያውቀው ይመስለዋል። አባትየው ያስተማራቸው አንድ ሕግ ነበር፦ መስታወት ለሁለት ሲሸከሙ እጁን የሚያላቅቅ ሰው አስቀድሞ “ያዝክ?” ይላል፤ ሌላኛው “ያዝኩ” ካላለ አይለቅም። አንድ ቀን ግን ትልቅ መስታወት ተሸክመው ሳለ አንደኛው ጫፍ አመለጠ። ከታች ሊደግፍ የገባውን የአባታቸውን እጅ ጅማቱን በጠሰው። አባትየው ከዚያ ወዲህ መቁረጫ ሳይጨብጥ ሞተ። ባለቤቴ ታናሽ ወንድሙ እንደለቀቀው ተናገረ። ታናሽየው እኔ አይደለሁም ቢልም ማን ሰምቶት? የጸሎት ሰው ቃልና የእሱ ቃል እኩል አይመዘንም። ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴም የታናሹን በር ዳግም አልረግጥም አሉ፤ እንዳሉትም አደረጉ።

እኔ ነገሩ አልዋጥልኝ ብሎ ኖሯል። ታረቅ ባልኩት ቁጥር “በጸሎት ይዤዋለሁ” ይለኛል። አንድ ጊዜ ተናድጄ፣ ይህን ያህል ዘመን ስትይዘው እጅህ አልዛለም ወይ አልኩት። ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ።

በኋላ ታናሽየው ሱቁን ዘግቶ ሌላ ከተማ ሊሄድ መሆኑን ሰማን። ሰኞ መኪና ይመጣል ተባለ። አማቴ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ልጁ ከሄደ ዳግም እንደማይተያዩ ሁላችንም ገብቶናል። ባለቤቴን እህል አልወርድ አለው።

እሑድ ሰባኪው ያስተማረው ስለ ስጦታ ነበር። ወንድሙን ያስቀየመ ሰው የያዘውን አስቀምጦ መጀመሪያ ወደ ወንድሙ ይሂድ አለ። ትምህርቱ ሲያበቃ ባለቤቴ እንደ ልማዱ ለጸሎት ተጠራ። “አባት ሆይ” አለ። የሚቀጥለው ጠፋው። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል፤ እኔ ብቻ ገልጬ አየሁት፣ ላብ አጥምቆታል። ከመድረኩ ወረደና በወንበሮቹ መሀል አልፎ ወጣ። አሞት ነው ብዬ ተከተልኩት።

በቀጥታ ከጉባኤው ማዶ ወዳለው የወንድሙ ሱቅ ሄደ። ወንድሙ መደርደሪያ ይፈታል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመ።

“ያን ቀን የለቀቅኩት እኔ ነኝ” አለ። “ያዝክ ሳልልህ ለቀቅኩት።”

ስጠረጥር ኖሬያለሁ፤ ከአፉ መስማት ግን ሌላ ነው። ወንድሙ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

“ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እዚያው ነበርኩ። ለእማዬ ንገራት።”

ቤት ስንገባ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ማለት ይችል ነበር። እኔም እንደዚያ አድርግ ልለው ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሐሜቱ ታየኝ። እሱ ግን ዞሮ ወደ ጉባኤው ተመለሰ። ሰው ገና አልተበተነም። ፊት ወንበር ላይ በተቀመጡት እናቱ እግር ሥር ተንበርክኮ፣ ሁሉም እየሰማ ያንኑ ደገመው። ድምፅ ማጉያ አላስፈለገውም።

አማቴ አልተቆጡትም፣ አልመረቁትምም። ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሡ። ሊደግፋቸው እጁን ሲዘረጋ አልፈውት የእኔን ክንድ ያዙ። ታናሽ ልጃቸው ሱቅ በር ላይ ስንደርስ ምርኩዙን ጥለው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። “ልጄ” ብቻ አሉ። ያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል አባቴ ሲሞት አላለቀስኩም።

ሰኞ መኪናው መጣ። የአማቴ ሻንጣ ከፊት ተጭኗል፤ ከታናሹ ጋር እሄዳለሁ ብለዋል፣ የተከራከራቸውም የለም። ባለቤቴን ደግሞ ሽማግሌዎቹ ለጊዜው ከመድረክ አሳርፈውታል። እናቱንም መድረኩንም ባንዴ አጣ። በጠዋት የሥራ ጓንቱን አጥልቆ ሲወጣ፣ ወዴት ነው ሳልለው ተከተልኩት።

ሱቁ ውስጥ የቀረው ለአንድ ሰው የማይነሣ ትልቅ መስታወት ነበር። ወንድሙ ትቶት ሊሄድ ነበር። ባለቤቴ ገብቶ አንዱን ጫፍ ያዘ። ወንድሙ ጥቂት አየውና ሌላውን ያዘ። ቀስ ብለው አወጡት። መኪናው ጋ ሲደርሱ ባለቤቴ መኪናው ላይ ለመውጣት አንድ እጁን ማላቀቅ ነበረበት።

“ያዝክ?” አለ።

መልስ አልመጣም። ባለቤቴ አልለቀቀም። ክንዱ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። አማቴ በመኪናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ። ጥያቄውን አልደገመም፣ አልለመነም፤ እንደያዘ ጠበቀ።

“ያዝኩ” አለ ወንድሙ።