ሃያኛዋ ተፈታኝ

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ተረት ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራ ላይ ስታውለው የኖረች ሴት ናት። ድራማ በሚቀረጽበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ በሁለት የስፌት መኪናና በአንድ ረጅም መስታወት መሀል ተቀምጣ የተዋናይ ሱሪ ስታሳጥር፣ የቀሚስ ወገብ ስታጠብ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ከማን ጋር እንደታየ ሁሉን ትሰማለች። የራሷን ግን አታወራም። ስለ ልጅ ከተነሳ «አንዲት አለችኝ፣ ደህና ናት» ትልና ስፒሎቿን ከንፈሯ መሀል ትይዛለች። ስፒል የያዘ አፍ ደግሞ ማንም ደፍሮ አይጠይቅም።

ያን ቀን አፏን ያስከፈታት ዳይሬክተሩ ነው። ሠራተኛው ከጀርባው «አቶ እንደገና» ይለዋል። ተዋናይ በር ከፍቶ እንዲገባ እንኳ አሥር ጊዜ «እንደገና» ሳይል አይለቅማ። ለአዲሱ ድራማ የተሰናዳውን ግራጫ ሹራብ ሊያይ ወረደና፣ ሹራቡን እንደያዘ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«ልብሱ ደርሷል፣ የምትለብሰው ጠፋች» አለ። «አሥራ ዘጠኝ ልጆች ፈተንኩ፣ እትዬ። ኦቲዝም ያለባት ልጅ ሆናችሁ ተጫወቱ ስላቸው፣ አሥራ ዘጠኙም ጣራ ጣራውን እያዩ ይወዛወዛሉ። አንዷ ከሌላዋ ኮርጃ የመጣች ነው የሚመስለው። ማስመሰል ሰለቸኝ። እውነተኛዋን ባገኝ እኮ ትወና ባትችልም እወስዳት ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ትንሿ ትራስ ላይ ሰካቻቸው።

«እኔ ጋ አለች» አለች።

ተናግራው ራሷም ደነገጠች። ስድስት ዓመት የቆለፈችውን በር በአንድ ሹራብ ሰበብ ከፈተችው። ምን ነክቷት እንደሆነ እስከ ዛሬ በቅጡ አታውቀውም። «እውነተኛዋን» ሲል ደስ ብሏት ይሆናል። እስከዚያ ቀን ልጇን በዚህ ስም የጠራላት ሰው አልነበረም።

ልጅቷ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ድንቢጥ ትባላለች፣ ሕፃን ሳለች የምትበላው የወፍ ያህል ስለነበር። ጥቅል የሚልክ ድርጅት ውስጥ እቃዎችን በየአድራሻቸው ትለያለች። በሦስት ዓመት አንድም ጥቅል ያለቦታው አልላከችም። አብረዋት የሚሠሩት ጨዋና ዝምተኛ መሆኗን እንጂ ሌላ ነገር አያውቁም። ይህ ደግሞ እንዲሁ ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ የእናቷ የእጅ ሥራ ነው።

ልጅቷ አምስት ዓመት ከሞላት ጀምሮ መስታወት ፊት እያቆመች አስተማረቻት። ሰው ሲያናግርሽ ቅንድቦቹ መሀል እዪ፣ እስከ ሦስት ቁጠሪ፣ ዞር በዪ፣ ተመለሺ። «እንዴት ነሽ» ሲሉሽ «ደህና ነኝ» በዪና መልሰሽ ጠይቂ፣ መልሱ ባያሳስብሽም ጠይቂ። እጅሽ አልቀመጥ ካለ ኪስሽ ውስጥ ያለውን ቁልፍ አሻሺ። ከሰው መሀል ስትነሺ «ይቅርታ» በዪ። ልብስ ሰፊ ናትና የምታውቀውን ነው ያደረገችው፤ ጥሬው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ይቀመቀማል፣ ከላይ ሲያዩት ስፌቱ አይታይም። ጎረቤት «ልጅሽ እኮ ምንም የላትም» ሲላት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ትውል ነበር። በልፋቷ ኮርታለች፣ ብትኮራም አይፈረድባትም።

ዳይሬክተሩ የሰጣትን ስክሪፕት ቅዳሜ ለት ቤት ይዛ ሄደች። ድንቢጥ ከወንበሯ ሳትነሳ ዘጠናውንም ገጽ አነበበችው። ስትጨርስ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሳ እንደገና አነበበችው። ከዚያ ወጥ ቤት መጥታ እናቷ አጠገብ ቆመች።

«እማ፣ ይቺ ልጅ ገጽ አርባ አንድ ላይ፣ ሰዉ ሁሉ ገበታ ላይ እያወራ ሳለ ትነሳና ትወጣለች። ይቅርታ አትልም።»

«እሺ?»

«ማንም አይቆጣትም። ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ ትላለች፣ አለቀ። እኔ ልሁናት።»

ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ይቺ ልጅ የልደት ስጦታ ምን ይሁንልሽ ስትባል «ምንም» የምትል፣ ከሁለት ጫማ ምረጪ ሲሏት «ርካሹን» የምትል ልጅ ናት። «እኔ ልሁን» ስትል የሰማችው የመጀመሪያዋ ነው።

«ትሆኛታለሽ፣ እኔ ልሙት» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ባሉት አሥር ቀናት ድንቢጥ የራሷን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ተዋናይ ቃል በቃሏ ያዘች። የፈተናው ቀን እናትና ልጅ ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ፣ ልብስ ሰፊዋ እጇን መቆጣጠር አቃታት። ኮሌታዋን አቃናችላት፣ ከትከሻዋ ላይ የሌለ ክር አነሳችላት። አፏም አላረፈ። «ዓይን ዓይኑን። ቀድመሽ ሰላም በዪው። ስለ ጤናው ጠይቂው። እጅሽን ኪስሽ ክተቺ» አለቻት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልማድ አይደል? አንደበቷ ራሱ ሄደበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ያለው ቀን ላይ ነው።

በሩ ተከፈተ። ድንቢጥ ቀጥ ብላ ገባች፣ ዳይሬክተሩን ጨበጠች፣ ቅንድቦቹ መሀል እያየች «እንዴት ነዎት? ጤናዎ ደህና ነው? ሥራ እንዴት ነው?» አለችው። ፈገግ አለች። ካሜራ ያዡም ተጨበጠ፣ እሱም ስለ ጤናው ተጠየቀ። ዳይሬክተሩ ከትከሻዋ በላይ ወደ በሩ እያየ ለእናትየዋ፣

«ታዲያ ልጅቷ የት አለች?» አላት።

«እቺው ናት እኮ።»

«እህቷ መስላኝ ነው» አለና ጉሮሮውን ጠራረገ።

ገጽ አርባ አንድን አስጀመራት። ድንቢጥ ገበታው ጋ ተቀመጠች፤ ዳይሬክተሩና ካሜራ ያዡ የሌሎቹን ቃል አነበቡላት። አንድ ቃል አልሳተችም። እንዲያውም ዳይሬክተሩ መስመር ሲዘል በትህትና አረመችው። የመነሻዋ ቦታ ሲደርስ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ተነሳች፣ ወደ በሩ ዞረች፣ ከዚያም «ይቅርታ» አለች።

ባለችበት ቆመች። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ አልጠፋም፣ ግን እዚያው የተረሳ ይመስል ነበር። ድንቢጥ ከዘጠናው ገጽ ሁሉ የወደደችው ያን ቃል አለማለትን ነበር።

ዳይሬክተሩ እናትየዋን ወደ ጥግ ወሰዳት። «ጨዋ ልጅ ናት። እጅግ ጨዋ ናት» አለ ቃል እየፈለገ። «ግን፣ እትዬ፣ እንዳይከፋዎት፣ ምኗ ላይ ነው ያለው? ሕዝቡ አያምነኝም። ከፍ ያለ ሰው ጋ የምትሠራ ጸሐፊ እኮ ነው የምትመስለው።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ንግግር ከአሥር ዓመት በፊት አንድ አስተማሪ ቢነግራት ኖሮ እልል ትል ነበር። አሁን ግን ፈተና መውደቂያ ሆኖ መጣ። ልጇን ልታድን ፈለገች፣ በምን እንደምታድናት ጠፋት፣ እና ሳታስበው መሀል ወለሉ ላይ ቆማ ማሳየት ጀመረች።

«እንደሱ አይደለችም! ስድስት ዓመቷ እያለ እንዲህ ትሆን ነበር» ብላ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተወዛወዘች፣ ዓይኗን ወደ ላይ ሰቀለች፣ «እምምም» አለች። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ አንገቷ ላይ ሜትር እንደተጠመጠመ።

ዳይሬክተሩ አያት አያትና፣ «ይሄ እኮ አሥራ ዘጠኙ ያደረጉት ነው» አለ።

እሷም ቆመች። እውነቱን ነው። የገዛ ልጇን ላሳይ ብላ እንደ ሌሎቹ ሆነች። የምታውቀው ይህን ነበር፣ ወይም የምታውቅ መስሏት ኖራለች፤ የቱ እንደሆነ ለራሷም አልለይ አላት።

«እንደሷ ልሁን?» አለች ድንቢጥ። መልስ ሳትጠብቅም ሆነች። ጆሮዋን ያዘች፣ ተወዛወዘች፣ መሀል ላይ ቆም ብላ አንገቷ ላይ የሌለውን ሜትር አቃናች፣ ቀጠለች። እናቷን ቁጭ። ካሜራ ያዡ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዳይሬክተሩ አልሳቀም። ግንባሩን አሸትና «አሥር ደቂቃ እረፍት» አለ። «እትዬ፣ ይንገሯት። ምንም እንዳትጫወት። ቤት እንደምትሆነው ትሁንልኝ፣ በቃ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማያት፤ ከዚያ በኋላ ወይ እሷ ናት ወይ ከአሥራ ዘጠኙ ውስጥ የተሻለችዋን እወስዳለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ልብስ ሰፊዋ የልጇን ሁለት ትከሻ ያዘች።

«ያልኩሽን ሁሉ እርሺው። ቁጥሩንም፣ ቁልፉንም፣ ሰላምታውንም። እንደሆንሽው ሁኚ።»

«የቱን?»

«ምን ማለት ነው የቱን? ቤት እንደምትሆኚው ነዋ።»

ድንቢጥ ጥያቄውን በደንብ አሰበችበት። «ቤት አንቺ ስትኖሪ ነው ወይስ ሳትኖሪ?»

ልብስ ሰፊዋ እጇን ከትከሻዋ ላይ አወረደች። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ብላ ልትቆጣ አሰበች፣ ቁጣው ግን አልመጣላትም።

«ልዩነት አለው እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ።»

«ሳልኖር» አለች። «ሳልኖር እንደምትሆኚው ሁኚ።»

«እንግዲያው አንቺ መሄድ አለብሽ።»

«እዚሁ በሩ ጋ እቆማለሁ፣ አልገባም።»

«አይሆንም። እሰማሻለሁ። አንቺ ካለሽ እጄ ራሱ ኪሴ ይገባል።»

«እኔ እኮ እናትሽ ነኝ፣ ድንቢጥ።»

«አዎ» አለች ልጅቷ። «ለዛ ነው።»

ክፋት የለበትም፤ ልጅቷ ክፉ ነገር መናገር አታውቅበትም። ሰዓት እንደሚነግሩት ነው የነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ ሦስቱን ፎቅ በእግሯ ወረደች፣ ከሕንፃው ወጣች፣ መንገዱን ተሻገረች፣ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆመች። ከዚያም ቢሆን ሦስተኛው ፎቅ መስኮት ስለታያት ጀርባዋን አዞረችለት። ሕግ ሕግ ነው።

እዚያ ቆማ ሰዓት መደመር ጀመረች። ድንቢጥ ከሥራ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትገባለች። እሷ የምትገባው አሥራ ሁለት ነው። በቀን ሦስት ሰዓት። ከዚያ በፊት ደግሞ ትምህርት ቤት ሳለች ሁለት ሰዓት። ያ ሁሉ ዓመት፣ ቤቷ ውስጥ አንዲት ሌላ ልጅ ስትወጣ ስትገባ ኖራለች። ምን ታደርግ ነበር? ትዘል ነበር? ታለቅስ ነበር? ትዘፍን ነበር? ልብስ ሰፊዋ ስትገባ ወንበሩ ቦታው ነው፣ ብርጭቆው ቦታው ነው፣ ልጅቷ «እንዴት ዋልሽ፣ ሥራ እንዴት ነበር» ትላታለች። መልሱ ባያሳስባትም። ለዚህች ጥያቄ ስንት ማታ እንደተደሰተች ትዝ አላትና አፈረች።

ከዚያ የባሰ ነገር መጣባት፤ ቀናች። አቶ እንደገና በዚህች ደቂቃ እያያት ነው። ጤናው ስለተጠየቀ ግራ የገባው ያ ካሜራ ያዥ እንኳ እያያት ነው። እንዳይሳካላት መመኘት አልፈለገችም፣ ግን አንድ አፍታ ተመኘችው፣ ወዲያው ደግሞ ምራቋን ዋጠችና ምኞቷን አብራ ዋጠችው። የትኛዋ ታሸንፍ? እሷ ያሳደገቻት ከሆነች ልጅቷ ትወድቃለች። ልጅቷ ካለፈች ደግሞ ያለፈችው እሷ የማታውቃት ናት። ለየትኛዋ እንደምትጸልይ ግራ ገብቷት፣ ዝም ብላ የሱቁን ቁልፍ ስታይ ቆየች።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ድንቢጥ መንገዱን ግራና ቀኝ አይታ ተሻገረች። ፀጉሯ ተበታትኗል። ጉንጯ ቀልቷል።

«ሰጡኝ» አለች።

«ሰጡሽ?»

«ሰጡኝ። ሰኞ እጀምራለሁ።»

«እንደገና አላለሽም?»

«አንዴም አላለም። ስጨርስ ካሜራ ያዡ አለቀሰ፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።»

ልብስ ሰፊዋ አቀፈቻት፤ ልጅቷ ስትታቀፍ ሁልጊዜ እንደምትሆነው ቀጥ ብላ ቆመችላት። ደስ ብሏታል፣ እኔ ልሙት ብላ ቃል የገባችለት ነገር ነው። ደስታው ግን አፏ ላይ ቀረ፣ ወደ ታች አልወርድ አላት።

«ምን አደረግሽላቸው?»

«ያልሽኝን።»

«እስቲ ለእኔም አሳዪኝ። እዚህ አይደለም፣ ቤት ስንገባ።»

ድንቢጥ አሰበችበት። ብዙ አሰበችበት።

«እሞክራለሁ፣ እማ» አለች። «ግን የሚሆንልኝ አይመስለኝም።»

ጎን ለጎን ወደ አውቶቡሱ ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ የልጇን ፊት በቆረጣ ልታይ ሞከረች፤ ልጅቷ መታየቷን ስታውቅ ፊቷን አስተካከለች። ሁለተኛ አልሞከረችም። ፌርማታው ጋ ሲደርሱ ድንቢጥ እናቷ ዓይን ውስጥ እንባ አየች። እንባ ሲታይ ሰውን ማጽናናት እንደሚገባ ታውቃለች፣ ስለዚህ ጥሩ ነገር ፈለገችላት።

«ከስድስት ወር በኋላ በቴሌቪዥን ይተላለፋል» አለቻት። «ያን ጊዜ ታዪኛለሽ።»

«እሺ» አለች እናቷ።