በዘይት ጣሳ የመጣ አደራ

ትርንጎ አደራ መቀበል ቀላል ነገር መስሏት ነበር። የባሏ የመሪጌታ ወልደኢየሱስ ታላቅ እህት ወለተሩፋኤል፣ በጥምቀት ማግስት ልጇን ልታርስ ወደ አይከል ስትነሳ አንዲት የዘይት ጣሳ አቅፋ መጣች። ጣሳዋ ውስጥ ያለችው ተክል እንደ ጽጌረዳ ተከፍታ የተቀመጠች፣ ቅጠሏ ድልብ፣ መሐሏ አረንጓዴ፣ ጫፍ ጫፏ ግን እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ ጣት የመሰለ ነው። የወለተሩፋኤል ሟች ባል አያ ማሩ ፒያሳ ከአንድ ጣልያን ቤት አትክልተኛ ነበር፤ ጣልያኑ ሲወጣ ከዚያ ግቢ ያመጣው ይህችን ተክል ብቻ ነው።

"ውሃ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ያውም ጥቂት። ፀሐይ ግን አትንፈጊያት። አደራ ትርንጎ፣ ከማሩ የቀረችኝ እሷ ናት።"

"ኧረ እትዬ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃት!"

ጠበቀቻትም። ፀሐይ የሚመታው ካብ ላይ አኖረቻት፤ ዶሮ እንዳይጭራት እሾህ ከበበችላት፤ ውሃውን እንኳ በሲኒ ለካች። ታዲያ በሦስተኛው ሳምንት ምን ይንካት! ቀለሟ ጠፋ፣ ቅጠሏ አበጠ፣ ሲነኩት ይፈርጥ ጀመር። ትርንጎ ቡዳ የበላት መስሏት ለሁለት ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ስትጠረጥር ሰነበተች።

አንድ ጠዋት ጉዱ ወጣ። መሪጌታ ከደብራቸው ያመጡትን ጠበል ቤተሰቡን አጠጥተው ትራፊውን ይዘው ወደ ካቡ አመሩ። የጠበል ትራፊ እግር በሚረግጠው መሬት አይደፋም፤ ይህንን የማያውቅ የለም። መሪጌታም እግር የማይደርስበት ንጹሕ አፈር ሲፈልጉ ያገኙት ያችን ጣሳ ነበር። ግልብጥ!

"ምነው መሪጌታ! በየቀኑ ነው እንዲህ የሚያደርጉት?"

"በየቀኑ ነው እንጂ! ተባረከች።"

"ሰጠመች እንጂ ምን ተባረከች! እትዬን በምን ዓይኔ ነው የማያት?"

"ጠበል ያድናል እንጂ ይገድላል እንዴ?" አሉ መሪጌታ። ጎንበስ ብለው ጣሳዋን ሲያዩ ግን ድምፃቸው ቀነሰ። ግንዷ እስከ ሥሯ በስብሷል።

ትርንጎ አለቀሰች። ቢሆንም ያልበሰበሱትን ቅጠሎች መጣል አልሆነላትም፤ አሥራ አራቱን ለቅማ ሰፌድ ላይ ዘርግታ ጥላ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብታይ ከየቅጠሉ ሥር ክር የመሰለ ነገር ወጥቷል፤ አጠገቡም ምስር የምታህል ሸጋ ቡቃያ! አሸዋ በቀላቀለችበት አፈር ላይ አኖረቻቸውና ጠብታ ውሃ ብቻ አቀመሰቻቸው።

አሁን የጎደላት ጊዜ ነው። የአይከሏ ልጅ ወንድ ከወለደች ክርስትናው በአርባ ቀን ነው፣ ወለተሩፋኤልም ወዲያው ከች ትላለች። ሴት ከሆነች ግን ሰማንያ ቀን አለ። ትርንጎ ለእመቤታችን ጧፍ ተሳለች፤ ሴት ትሁንልኝ ብላ።

"ለአበባ ብለሽ በሰው ልጅ ትገቢያለሽ?" አሉ መሪጌታ።

"እርስዎ ዝም ይበሉ!"

ከአይከል የመጣ ነጋዴ "ሴት ተገላገለች" ብሎ በደጅ ሲያልፍ፣ ትርንጎ ለወንድ ከሚባለው አብልጣ እልልታውን አቀለጠችው። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ወጣ።

"ሴት ናት አላለም እንዴ?"

"ሴት ናት! ሴት ናት!" እያለች ዘለለች።

ሰማንያው ቀን አልፎ ወለተሩፋኤል መጣች። ገና ከደጅ "አበባዬስ?" አለች። ትርንጎ መዋሸት አልቻለችበትም፤ እግሯ ላይ ወድቃ ሁሉንም ነገረቻት።

"ጥፋቱ የእኔ ነው እትዬ" አሉ መሪጌታ ከኋላ።

ካቡ ላይ አሥራ አንድ ጣሳና ስባሪ ገንቦ ተደርድሯል፤ በየአንዳንዱ አንዲት ትንሽ ጽጌረዳ፣ ጫፏ መቅላት የጀመረ። ወለተሩፋኤል ጎንበስ እያለች አንድ በአንድ አየቻቸው።

"የማሩ መቃብር ላይ ልተክልለት ስመኝ ስምንት ዓመቴ" አለች ወለተሩፋኤል በመጨረሻ። "ያለችኝ አንዲት ሆነችብኝ። ለእሱ ልስጠው ብል ቤቴ ኦና ሊሆንብኝ ነው፤ ቅጠሏን ልቆርጥ ብልም አንጀቴ አልችል አለ። አሁንማ ለእሱም ለእኔም ደረሰን።"

እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ከሁሉ የቀላችውን አነሳች።

"በይ ተነሺ፣ ሳይመሽ እናድርስለት።"

ትርንጎ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ተከተለቻት።