ግማሽና ሲሶ

"ቲቸር፣ ይሄ ስህተት አይደለም!" አለች ብሪያና፣ የፈተና ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ እየጣለች።

መምህርቷ ዶና ኮስኪ ለመውጣት ካፖርቷን ደርባ የመጨረሻዎቹን ወረቀቶች ታርማለች፤ ቀና ብላ አላየቻትም። ሌሎቹ ተማሪዎች ወጥተዋል፤ የዱሉዝ ከተማ የሐይቅ ነፋስ መስኮቱን ይንጠዋል። ጉሮሮዋ ደርቋል፣ እግሯ አብጧል። ወንድሟ ዌይን ደግሞ ከምሳ ጀምሮ በስልክ ነዝንዟታል። የጣሪያ ሥራ ድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ አጥቷል፤ ትመለሻለሽ አትመለሺም፣ ዛሬውኑ ቁርጡን ንገሪኝ ነው የሚላት።

መምህር ከመሆኗ በፊት እሱ ዘንድ ነበር የምትሠራው። በረዶ ሥራ ባስቆመበት ሰሞን የጣሪያ ተዳፋት ልኬት ለሠራተኞቹ ስታስረዳ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ደደብ ሲባል የኖረው ሸበቶው ኤርኒ ድንገት "አሃ!" ብሎ በሳቅ ፈነዳ። ያቺን "አሃ" ደግማ ለመስማት ስትል መምህር ሆነች። ዘንድሮ ግን አንዴም አልሰማቻትም። ሰልችቷታል፤ ዌይንን እሺ ልትለው ወስናለች።

"ግማሽና ሲሶ ሲደመር ሁለት አምስተኛ ብለሻል" አለቻት። "ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ጋር ደመርሽ። ስንቴ ልንገራችሁ?"

"ቅዳሜ ሁለቴ መትቼ አንድ ጎል አገባሁ። እሑድ ሦስቴ መትቼ አንድ። ከአምስት ሁለት አይደለም? አሠልጣኛችን እንደዚህ ነው የሚደምረው። ሆኪ አያዩም እንዴ?"

ዶና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልጅቷ ለሆኪው ልክ ናት፤ ለፈተናው ግን ተሳስታለች። እንዲህ ያለ ስህተት ደስ ይላታል፤ ደስ እንደሚላት ራሱ ረስታው ነበር።

"ከአንድ ፒዛ ግማሹን በላሽ። ከዚያ ሲሶውን ጨመርሽ። የበላሽው ሁለት አምስተኛ ነው?"

"አዎ... ቆይ። ሁለት አምስተኛማ ከግማሽ ያንሳል። እየበላሁ እንዴት ያንሳል?"

"እኮ!"

"ታዲያ ሆኪው ለምን ልክ ሆነ?"

ዶና ልትመልስላት አፏን ስትከፍት፣ ብሪያና እጇን ዘረጋች። "አይንገሩኝ! እንዳይነግሩኝ!" ወንበር ስባ ተቀመጠችና ወረቀቷን ገልብጣ ክብ መሳል ጀመረች።

ስልኩ ጮኸ።

"እህስ፣ እህቴ?" አለ ዌይን። "ሰኞ ልጠብቅሽ?"

"ሌላ ሰው ፈልግ።"

"ምሳ ሰዓት ላይ እኮ ደክሞኛል፣ በቃኝ ስትይ ነበር!"

"አሁንም ደክሞኛል። ሥራ ላይ ነኝ፣ ዌይን" አለችና ስልኩን አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ካፖርቷን አውልቃ መልሳ ሰቀለችና፣ ልጅቷ ክቡን ስትከፋፍል ለማየት አጠገቧ ተቀመጠች።